ከኮዲ ጋር የተጣላሁበት መስከረም

ባለፈው ሳምንት ሲልቨር ስፕሪንግ ጥርሴን ልታይ ሄጄ ነበር። ሐኪሟ የልጄ እኩያ የምትሆን የእኛው ሰው ልጅ ናት። ኤክስሬዩን ስክሪኑ ላይ አውጥታ፣ «ጋሼ፣ መንጋጋዎ ውስጥ ብረት አለ። የመኪና አደጋ ነው?» አለችኝ።

«ሆኪ ነው» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።

አልቀለድኩም። በሃያ ሁለት ዓመቴ በረዶ ላይ በሚጫወቱት ሆኪ ለመኖር ቆርጬ ተነስቼ ነበር። ጎል አግቢ አልነበርኩም። አራተኛው መስመር የሚባለው የእኔ ቦታ ነበር፤ ኮከቦቹ ትንፋሽ እስኪሰበስቡ ለአንድ ደቂቃ ያህል በረዶው ላይ ወርዶ፣ ጥቁሯን የጎማ ዲስክ የያዘውን ሁሉ ከግድግዳ አላትሞ የሚመለስ ዓይነት ተጫዋች።

በዚያ መስከረም ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ አሌክሳንድሪያ ከተማ ያለ አንድ አነስተኛ የፕሮፌሽናል ቡድን ለሙከራ ጠራኝ። ኮዲን ያገኘሁት እዚያ ነው። የካናዳ ገበሬ ልጅ ነበር፤ እጁ አካፋ የሚያህል፣ ንግግሩ ዝግ ያለ። ማደሪያ ስላልነበረው ቤታችን ይዤው መጣሁና እናቴ ቤዝመንቱን ሰጠችው። ጠዋት ጠዋት ፍርፍር በፎይል ጠቅልላ ትሸኘናለች። ሙቀቱ ገና ስላልበረደ የአሮጌ መኪናዬን መስኮት ከፍተን፣ ቤልትዌይ የሚሉትን የቀለበት መንገድ ይዘን፣ ፖቶማክን ተሻግረን እንወርዳለን። ኮዲ በርበሬው እያስለቀሰው ይበላል፤ የእኔንም ድርሻ ካልጠበቅኩ ይጨምርበታል። እንደዚያ የምወደው ጓደኛ ከዚያ በፊት አልነበረኝም።

በመጨረሻው ቀን ኮቹ ሁለታችንን ጠራን። «አንድ ቦታ ቀርቷል። ዛሬ በተቃራኒ ትሰለፋላችሁ። ማን አብልጦ እንደሚፈልገው አሳዩኝ» አለን።

መልበሻ ክፍል ውስጥ ኮዲ የጫማውን ክር እያጠበቀ፣ ቀና ሳይል፣ «ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶሃል አይደል?» አለኝ።

«ገብቶኛል» አልኩት።

ጨዋታው እንደተጀመረ ጥግ ላይ ደረስኩበትና በትከሻዬ ከግድግዳው ጋር አጋጨሁት። ዞሮ ዱላውንና ጓንቱን ጣለ፤ በሆኪ ይህ የቡጢ ግብዣ ነው። እኔም ጣልኩ። በግራ እጁ ማልያዬን አንገቴ ሥር ጨምድዶ ይዞ በቀኙ ይደበድበኝ ጀመር። ሄልሜቴ ተፈናጠረ። አፌ ሞቅ ባለ ደም ሞላ። ከታች ወደ ላይ ስሰነዝር አፍንጫውን አገኘሁት፤ ሲሰበር በጣቶቼ ተሰማኝ። ደሙ ፊቴ ላይ ተረጨ። ማንም አልገላገለንም። ሌሎቹ በዱላቸው በረዶውን እየደበደቡ ያበረታቱናል፤ ኮቹ እጁን አጣጥፎ ያያል። ኮዲ እንደገና መታኝ። መንጋጋዬ ሲሰበር ድምፁን የሰማሁት ከውስጥ ነው። ወደቅኩ። ማልያዬን ሳይለቅ በላዬ መጣና ተኝቼም መታኝ፣ ደግሞም መታኝ። ያኔ ነው ፊሽካ የተነፋው።

ቦታውን እሱ አገኘ። ሆስፒታል የወሰደኝም እሱ ነው፤ አፍንጫው ውስጥ ጥጥ ወትፎ፣ በእኔው መኪና። ቤት እንዳይደውል በእጄ ምልክት ለመንኩት።

መንጋጋዬ በሽቦ ታስሮ ስንመጣ እናቴ በሩ ላይ ሁለታችንንም አየችን። «ማነው እንዲህ ያደረገህ?» አለችኝ። አፌ አይከፈትም። ኮዲ አማርኛ ባይሰማም ጥያቄው ገብቶት፣ «እኔ ነኝ» አለ።

እናቴ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ አጥሚት ሠራችና ኩባያውን ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ሰጠችው። «አንተ አጠጣው» አለችው በእንግሊዝኛዋ። ኩባያውን አገጬ ሥር ይዞ በስትሮ አጠጣኝ። ቡድኑ ቤት እስኪሰጠው ድረስ ጠዋት ጠዋት የሚያጠጣኝ እሱ ነበር፤ እናቴ ቆማ ታየዋለች።

ከዚያ በኋላ የጠራኝ ቡድን የለም። ሄርንደን አካባቢ የኤርፖርት ሥራ ያዝኩ። ኮዲ ሁለት ዓመት ተጫውቶ ጉልበቱ ተጎዳና ወደ አባቱ እርሻ ተመለሰ።

አሁንም እንደዋወላለን። ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ፣ ይቅር አልከው ወይ ይለኛል። እኔ ኮዲ ላይ ተናድጄ አላውቅም፤ እሱም ያን ቀን እኔ ላይ አልተናደደም። ዕድሜዬ በገፋ ቁጥር የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። ተናድደን ቢሆን ኖሮ ሲበርድልን እናቆም ነበር።