ነጥብ ያለባቸው ስሞች

የያዙኝ ከተራራው ስመለስ ኬላው ላይ ነው። የተሳፈርኩበትን አይሱዙ ፖሊሶች አስቁመው ሁላችንንም አስወረዱን። የሌሎቹን መታወቂያ አይተው መለሱላቸው። እኔ ትከሻዬ ላይ ያንጠለጠልኩት የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ግን አጠራጠራቸው። አንዱ ራቅ ብሎ ቆሞ ቀስ ብዬ እንድከፍተው አዘዘኝ። በሁለቱም ጫፍ ክዳን አበጅቼለት ነበር። ከፍቼ በውስጡ የተጠቀለለውን ካርታ አወጣሁ። ካርታ መሆኑን ሲያይ እፎይ ያለ መሰለኝ። መሬት ላይ ዘርግቶ በእርሳስ የተጻፈውን ማንበብ ሲጀምር ግን ፊቱ ተለወጠ።

የምሠራው ናዝሬት ውስጥ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ካርታውን ያገኘሁት ከአንድ ሱቅ ነበር፤ ባለሱቁ የመሥሪያ ቤት አሮጌ ወረቀት በኪሎ እየገዛ ስኳርና ምስር ይጠቀልልበታል። ካርታው አባቴ ልጅ ሳለ የታተመ ነው። የከፍታ መስመሮቹን ማንበብ በራሴ ተማርኩ፤ ሲጠጋጉ ገደል፣ ሲራራቁ ሜዳ ነው። በተራራው ጀርባ አሥራ አራት ጥቃቅን ጥቁር አራት ማዕዘኖች አሉ። እያንዳንዷ አንድ ቤት ናት። ዛሬ እዚያ ቤት የለም። በደርግ ጊዜ መንደር ምሥረታ ሲባል ሰዉ ሁሉ ወደ ሜዳው እንዲወርድ ተደርጓል። የቀረው የመሠረት ድንጋይና ቁልቋል ነው።

እሑድ እሑድ እየወጣሁ ድንጋዮቹን ከካርታው ጋር አመሳከርኩ። ግርጌው ላይ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት የየቤቱን አባወራ ስም ከነአባቱ ነገሩኝ፤ በየአራት ማዕዘኑ አጠገብ ጻፍኩት። ከእነዚህ ውስጥ በሕይወት ያለ አለ ወይ ብዬም ጠየቅኳቸው። ሦስቱ አሉ፣ ከተማ ገብተዋል አሉኝ። በሦስቱ ስም አጠገብ ነጥብ አደረግኩ።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ ዕቃ ቤት የነበረ ይመስላል። መስኮት የለውም። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ከቀኑ አምስት ሰዓት ጀምሮ በሙቀቱ ይንጣጣል። አየር የሚገባው በበሩ ሥር ብቻ ስለሆነ ነባሮቹ በሩ አጠገብ፣ ሌላው እንደ አገባቡ ከዚያ ወዲያ ተደርድሯል። ጥግ ላይ የሽንት ጀሪካን አለ፤ አዲስ ገቢ የሚተኛው እሱ አጠገብ ነው። አሥራ ሦስት ነበርን። በጎን ተኝተን፣ አንዱ መገላበጥ ሲፈልግ ሁላችንም እንገላበጥ ነበር።

ካቦው፣ ማለት የክፍሉ ኃላፊ የሆነው እስረኛ፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በምን እንደገባሁ ጠየቀኝ። በካርታ አልኩት።

"ቁማር ነው? ወይስ የሰው ይዞታ ሸጠህ?"

የተራራ ካርታ ነው አልኩ።

"ቦታ የሸጠ ሌባ አይቻለሁ፤ ተራራ የሸጠ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ" አለ። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ስሜ "ተራራው" ሆነ።

በማግስቱ ወደ መርማሪው ወሰዱኝ። የማይጮህ ሰው ነበር፤ ሻይም አዘዘልኝ። ካርታው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ጫፉ እንዳይጠቀለል በአንድ በኩል ስቴፕለር፣ በሌላ በኩል ስልኩን አስቀምጦበታል። ስሞቹ በተራራው ላይ የሚንቀሳቀሱ ታጣቂዎች ዝርዝር እንደሆኑ ነገረኝ። አለመሆናቸውን አስረዳሁት። ማን ነገረህ ሲለኝ የአሮጊቷን ስም እንዳልጠየቅኩ ተናገርኩ፤ እውነትም አልጠየቅኩም። ከዚያ ጣቱን አንዱ ስም ላይ አሳረፈ።

"ይህች ነጥብ ምንድን ናት?"

እርሳሱ ነክቶት ነው ማለት እችል ነበር። አሁን ብዙ መልስ አለኝ። ያን ጊዜ ግን በጥሞና ሲሰማኝ፣ ሥራዬ የገባው ሰው ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

"በሕይወት ያሉት ናቸው" አልኩት።

ጻፈው።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፍቶ አንድ ሽማግሌ አስገቡ። የጥበቃ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ነው የመጡት። ሞጆ አንድ መጋዘን ይጠብቃሉ፤ ከሥራ ላይ ነው የወሰዷቸው። ምርኩዛቸውን ስለቀሟቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ ገቡ። ካቦው በሩ አጠገብ ያለውን ልጅ አስነስቶ፣ አየር የሚገባበት ቦታ ላይ አስቀመጣቸው። ወዲያው ቆጠራ ሆነ። ፖሊሱ ስማቸውን ከነአባታቸው ሲጠራ እሳቸው "አቤት" አሉ። ከአሥራ አንደኛው ቤት አጠገብ የጻፍኩት ስም ነበር። ቀጥሎ የተጠራው የእኔ ነው፤ ሁለት ጊዜ እስኪጠራኝ አልመለስኩም።

ጠዋት ላይ ሽማግሌው ማንም ሳይጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ። ስለ ድሮ ጎረቤቶቻቸው እንደጠየቋቸው፣ የት ደበቅካቸው እንዳሏቸው ነገሩን። "አብዛኞቹን እኔው ነኝ የቀበርኳቸው" አሉ። "ከፈለጉ ሄደው ይቆፍሩ።" ሰዉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ይህ ሁሉ ስህተት እንደሆነና ነገ ዛሬ እንደሚለቋቸው የሚያስቡ ይመስላሉ።

ተነሥቼ አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ።

"አባባ፣ ስምዎን የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

ስላልገባቸው ከሱቁ ጀምሬ እስከ መርማሪው ድረስ ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ስለ ነጥቡ ደግመው ጠየቁኝ፤ በሕይወት ላለ ሰው መሆኑን ነገርኳቸው።

"ማን አድርግ አለህ?"

"ማንም። ሥራው ትክክል እንዲሆን ብዬ ነው።"

መዳፎቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ክፍሉ ሁሉ ወደ እኛ ዞሮ ነበር።

"ትክክል ነው፣ ኢልማ ኮ" አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው። "አለሁ።"

ከዚያ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። የዚያን ቀን ማንም "ተራራው" ብሎ አልጠራኝም። ዳቦ ሲታደል ካቦው ለሌሎቹ በእጃቸው ሰጣቸው፤ የእኔን ግን ከፊቴ መሬት ላይ አስቀመጠልኝ።

በነጋታው መርማሪው አስጠራኝ። ቃሌ በኮምፒውተር ተጽፎ ጠብቆኛል፤ አንድ ገጽ ተኩል ነው። "እናትህ ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ቆማለች" አለኝ። "ፈርምና አብረሃት ሂድ።"

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ቧንቧው፣ ስለ ሱቁ፣ ስለ እሑዶቹ የተጻፈው ሁሉ ልክ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን እኔ ያላልኩት ዓረፍተ ነገር አለ፦ ነጥብ ያደረግኩባቸው ሦስት ሰዎች አሁን ግንኙነት ያለኝ ናቸው ይላል። ይህን አላልኩም አልኩት።

"በሕይወት አሉ ብለሃል። ያው አይደለም?"

"መኖራቸውን ሰማሁ እንጂ አላውቃቸውም።"

"ሽማግሌውን ትናንት አጠገቡ ተቀምጠህ ስታወራው ነበር።"

"የተዋወቅነው እዚህ ነው" አልኩ።

እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። እናትህን አስብ አለኝ። አሰብኳት። ፀሐይ ላይ ቆማ፣ ሳህኑን በፌስታል ቋጥራ ይዛ ታየችኝ። ከፈረምኩ እኔ እወጣለሁ፤ ሽማግሌው ግን ፊርማዬን ተሸክመው ይቀራሉ።

የፋይሉን ጠርዝ እንደ ማስመሪያ ያዝኩ። ዓረፍተ ነገሩን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዝኩት። ከበላዩ በትንንሽ ፊደል ጻፍኩ፦ "ሰዎቹ ካርታው ሲሠራ እዚያ ቤት የነበራቸው ናቸው። ከመታሰሬ በፊት አንዳቸውንም አይቼ አላውቅም። ነጥቡን ያደረግኩት በራሴ ሐሳብ ነው።" ማንም እንዳይጨምርበት በእርማቱ መጀመሪያና መጨረሻ ፈረምኩ። ከገጹ ግርጌም ፈረምኩ።

መርማሪው አነበበው። ይቀደዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። ፋይሉ ውስጥ አስገብቶ ዘጋውና ለፖሊሱ "መልሰው" አለ።

እናቴ ያመጣችው ምግብ ከሰዓት በኋላ ገባልኝ። እሷን አላየኋትም። ለሽማግሌው መርማሪው ያለኝንም እኔ የጻፍኩትንም ቃል በቃል ነገርኳቸው።

"እናትህ በር ላይ ነበረች?" አሉኝ።

"አዎ፣ አባባ።"

ከሳምንት በኋላ ካፖርታቸውን ይዘው እንዲወጡ ተጠሩ። ይፈቷቸው ወይም ሌላ ቦታ ይውሰዷቸው የነገረን የለም። ሁሉንም በየተራ ጨበጡ። እኔ ዘንድ ሲደርሱም ጨበጡኝ፤ እጃቸው ደረቅና ቀዝቃዛ ነበር።

እኔ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ቆየሁ። ክስ ሳይመሠረትብኝ ለቀቁኝ። ካርታውን አልመለሱልኝም።

ሽማግሌው መፈታታቸውን የሰማሁት ከወጣሁ በኋላ ነው። መጋዘኑ በእሳቸው ቦታ ሌላ ጥበቃ ቀጥሮ ጠበቃቸው። ባለፈው ዓመት ሞጆ ሄጄ ቤታቸውን አገኘሁ። በሩን የከፈተችው ልጃቸው ማን ልበላቸው አለችኝ። ስማቸውን የጻፈው ልጅ ነው በይልኝ አልኳት። ገብታ ቆየች። ተመልሳ ተኝተዋል፣ ሌላ ጊዜ ና አለችኝ። ሲያስሉ ከግቢው ውስጥ ይሰማኝ ነበር። አመስግኜ ሄድኩ። ሌላ ጊዜ አልሄድኩም።

የማላውቀው የቀሩትን ሁለቱን ነው። ተይዘው ይሁን፣ ወይም ማንም ሳያውቃቸው በየቤታቸው አርጅተው ይሁን አላጣራሁም። አንዱ መቂ፣ አንዱ ዝዋይ ነው የተባልኩት። ሁለት ጊዜ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ስማቸውን ከነአባታቸው አስታውሳለሁ። ግን ስለ እነሱ ለመጠየቅ መጀመሪያ ስማቸውን ለሰው መናገር አለብኝ።