አፉን የዘጋው ፀጉር አስተካካይ

ሰፈሩ ሁሉ ፀጉር አስተካካዩን የሚጠራው «ሬዲዮ» እያለ ነው። መቀስ ይዞ ዝም ያለበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ወሬው መሀል ላይ እየተቋረጠ፣ ዓይኑ እየከበደ መጣ። ጠዋት የሚነሳው ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ፣ ጭንቅላቱ ድንጋይ የተጫነበት ያህል ከብዶት ነው። ሚስቱ ስለ ማንኮራፋቱ ስታነሳበት «አንቺ ደግሞ ወሬ ታበዣለሽ» ይላታል። ይህን የሚለው እሱ መሆኑ ያስቃታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀጉር ቤቱ በደንበኛ ሞልቶ ሳለ፣ ጡረታ የወጡትን ሾፌር ጢም ይላጭ ነበር። አገጫቸውን ጨርሶ ወደ አንገታቸው ወረደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አያውቅም። ሲባንን ሽማግሌው የእጁን አንጓ ጭብጥ አድርገው ይዘዋል። ምላጩ ጉሮሯቸው ሥር ቆሟል፤ በነጩ አረፋ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ይወርዳል። ተራ የሚጠብቁት በቴሌቪዥን ኳስ ጨዋታ ላይ አፍጥጠው ስለነበር ማንም ልብ አላለም።

«ተኝተህ ነበር» አሉት ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አባባ፣ እኔ...»

«እኔም መሪ ላይ አንቀላፍቼ አውቃለሁ። ምላጩን አስቀምጠው።»

ያን ቀን በጊዜ ዘግቶ ቤቱ ገባ። ለሚስቱ ሲነግራት እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አልተቆጣችም፤ ነርስ የሆነችውን ታናሽ እህቷን ጠራች።

«ጋሼ፣ ስትተኛ ትንፋሽህ ይቋረጣል?» አለችው ነርሷ።

ሚስቱ መለሰችለት። «አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል፤ ከዚያ ድንገት ጭጭ ይላል። የምፈራው እሱን ነው።»

ነርሷ ሐኪም ሳያየው ምላጭ እንዳይነካ አዘዘችው። እስከዚያው በጎኑ ይተኛ፤ ቀን ቀን ደግሞ አፉን ዘግቶ በአፍንጫው መተንፈስ ይልመድ።

«አንዱ ደንበኛዬ ማታ አፉን በፕላስተር አሽጎ ነው የሚተኛው» አላት። «እንደ ሕፃን ነው የማድረው ይላል።»

«አፍንጫህ ሳይከፈት አፍህን ብታሽግ በምንህ ልትተነፍስ ነው? እንዳትሞክረው።»

በማግስቱ ሬዲዮ አፉን ገጥሞ ሥራ ገባ። በመቀስ ብቻ ይቆርጣል። ደንበኞቹ ግራ ገባቸው። አንዱ «ቤት ሰላም ነው?» አለው፤ ሌላው ማን ሞቶበት እንደሆነ አጠገቡ ያለውን በዓይኑ ጠየቀ። የእሱ ጭንቅ ሌላ ነበር። አንድ ሰው ቆርጦ ሳይጨርስ አየር ያጥረዋል፣ ደረቱ ይጠብበታል፣ ሳይወድ በግዱ አፉ ይከፈታል። የግራ አፍንጫው ጭራሽ አያስገባም። ዕድሜ ልኩን ሲያወራ ኖሮ ይህን አለማወቁ አስደነገጠው።

የሐኪሙ ቀጠሮ ገና ነው። ሬዲዮ ደግሞ መታገሥ አልሆነለትም። ሚስቱ ፊቷን አዙራ እስክትተኛ ጠብቆ አፉ ላይ ፕላስተር ለጠፈ። እንቅልፍ ሸለብ እንዳደረገው ውሃ ውስጥ የሰመጠ መሰለው። ተፈራግጦ ተነሳ፤ ጣቶቹ የፕላስተሩን ጫፍ ማግኘት አቃታቸው። ሚስቱ መብራት አብርታ በአንድ ጊዜ ገሽልጣ አነሳችለት፤ ግማሹ ሪዙ አብሮ መጣ።

ትንፋሹ እስኪመለስ ጀርባውን አሸችው። ከዚያ «ልጆቹን ምን ልላቸው ነበር?» አለችው።

እንደነጋ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ሄዱ። ሐኪሙ አፍንጫውን በትንሽ መብራት አየ፤ ከዚያም እንቅልፉን ለመከታተል ገላውን ሽቦ በሽቦ አድርጎ እዚያው አሳደረው። የአፍንጫው የውስጥ አጥንት ተጣሟል፤ የባሰው ግን ሲተኛ ትንፋሹ ደጋግሞ መቋረጡ ነው።

«አጥንቱን በቀዶ ጥገና እናቃናለን» አለው ሐኪሙ። «የትንፋሹን መቋረጥ ግን እሱ ብቻውን አያድነውም። አየር የሚገፋ ጭምብል አድርገው ይተኛሉ።»

መጀመሪያ ላይ ጭምብሉን በእንቅልፍ ልቡ እየነቀለ ይጥለው ነበር። ሚስቱ እየተነሳች ትመልስለታለች። ቀስ በቀስ ለመደው። አንድ ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅሰው ነቃ፤ አፉ አልደረቀም፤ የወጥ ቤቱን ድምፅ ከሩቅ ሰማ፤ ጭንቅላቱ ቀሎታል። ትንሽ እንደተጋደመ ቆየ።

ሐኪሙ ምላጭ እንዲይዝ ሲፈቅድለት ደንበኛ አልጠራም። ሚስቱን ይዟት በማለዳ ሥራ ቦታው ሄደ፣ መስታወቱ ፊት ቆመ፣ የራሱን አንገት ሳሙና ቀባ። እሷ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትመለከተዋለች።

«እጅህ አይንቀጠቀጥም» አለችው።

«አንቺ ስታፈጥጪብኝ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።»

ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረችለት። ቀዶ ጥገናው ለሚቀጥለው ወር ነው፤ ይፈራዋል። ምላጩን ከጆሮው ሥር ጀምሮ በቀስታ አወረደው።