ከአሮጌው መጋዘን ኮርኒስ ሥር

ሥራዬ አሮጌ ቤት ከመፍረሱ በፊት ገብቶ ሰው የሚጎዳ ነገር እንዳለበትና እንደሌለበት ማየት ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ደብረ ማርቆስ ከተማ ዳር ሊፈርስ የተወሰነ የድሮ መጋዘን ውስጥ ነበርኩ። ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ጉም ወርዷል፤ በተሰበረው መስኮት እየገባ ወለሉን ስለሸፈነው ቤቱ ከመሬት ለቆ የሚንሳፈፍ ይመስል ነበር። እኔም ከራሴ እስከ እግሬ ነጭ ቱታ ለብሼ፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ መሰላል ላይ ቆሜያለሁ። ኮርኒሱ አስቤስቶስ ከሚባለው ጎጂ የድሮ የግንባታ ዕቃ የተሠራ ሳይሆን አይቀርም። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም፤ ስለዚህ ለምርመራ ቁራሽ ከመስበሬ በፊት ውሃ እረጭበታለሁ። ቀስ እያልኩ ጥግ ጥጉን ረጨሁት።

ዞር ስል የመጋዘኑ ዘበኛ፣ ውጭ ይቆዩ ያልኳቸው ሽማግሌ፣ ከመሰላሉ ሥር ቆመዋል። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ አንገታቸውን ደፍተዋል።

ተናደድኩ። «አባቴ፣ ይውጡ እንጂ። ይሄ ጸበል አይደለም፤ አቧራው እንዳይነሳ ነው። አቧራው ይገድላል።»

ቀና አላሉም። «እንዲያ ከሆነማ ለእኔም ያስፈልገኛል» አሉ ረጋ ብለው። «ዘበኛ ከሆንኩ ጀምሮ የማድረው እዚሁ ነው።»

ጉሙ በመሃላችን አለፈ። መርጫው ውስጥ የቀረው የቧንቧ ውሃ ነው። ወረድኩና ራሳቸው ላይ አርከፈከፍኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ውሃውን በሁለት እጃቸው ፊታቸው ላይ አዳረሱት።