ስንቅ ቋጥሮ የመጣው ተከሳሽ

ሞላሌ ከተማ ዐቃቤ ሕግ ሆኜ በተመደብኩ ሰሞን፣ ዐቃቤ ሕግ ሲባል ለሰው የሚታየው እስር ቤት ብቻ ነበር። ገበያ መሃል ሳልፍ እንኳ ወሬ ያቆማሉ። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የፍትሐ ብሔር መዝገብ ደርሶኛል! ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌለው ሰው ቆመን የምንከራከርበት ማለቴ ነው። ደንበኛዬ ባል የሞተባቸው እናት ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸው የአባታቸውን የገብስ መሬት ለብቻው ያርሳል፤ እሳቸው ለሰው የበግ ጠጉር እየፈተሉ ያድራሉ። ክሱን ስጽፍ ከደስታዬ ብዛት ሁለት ጊዜ አበላሽቼዋለሁ።

በቀጠሮው ቀን ተከሳሹ ችሎት ገባ። በትከሻው ባና ብርድ ልብስ፣ በእጁ አንድ ስልቻ በሶ! መጥሪያውን ያነበበለት ሰው «ዐቃቤ ሕግ ከሶሃል፤ መታሰርህ ነው» ብሎት፣ ከሚስቱ ተሰነባብቶ ነው የመጣው። እህትየው ሲያዩት ብድግ አሉ።

«ጌታዬ፣ ትቼዋለሁ! መሬቱም ይቅርብኝ፤ ወንድሜን እንዳታስሩብኝ!» አሉ ለዳኛው።

ክው አልኩ። ያን ያህል የለፋሁበት መዝገብ ሊዘጋ ነው። ተነሥቼ ጉዳዩ ይብራራላቸው ዘንድ ለመንኩ። ዳኛው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ ክርክሩ የመሬት ብቻ እንደሆነ፣ ማንም እንደማይታሰር አስረዱ።

ሰውየው ስልቻውን አስቀመጠና ቀና አለ።

«እንዲያ ከሆነማ እከራከራለሁ! መሬቱ የኔ ነው!» አይል መሰላችሁ!

ደሜ ፈላ። እህትየው ግን ቀደሙኝ።

«እንዲያ ከሆነማ እኔም አልተውም! ተናገሪልኝ ልጄ!»

ተናገርኩ። እንደዚያ ቀን አፌ ተፈትቶ አያውቅም። እስከዚያ ድረስ ሰው ለማስቀጣት እንጂ ለሰው መብት ለማስመለስ ቆሜ አላውቅም ነበር። በሁለተኛው ቀጠሮ የደብሩ ቄስና አንድ ጎረቤት መሬቱ የአባታቸው እንደነበር መሰከሩልን፤ መሬቱን እኩል እንዲካፈሉ ተፈረደ። ልዘል ምንም አልቀረኝ!

የውሳኔውን ግልባጭ ፍርድ ቤቱ በረንዳ ላይ ለእህትየው ስሰጣቸው ገልበጥ ገልበጥ አደረጉት።

«ስሜ አለበት?»

በጣቴ አሳየኋቸው።

«በይ ጮክ ብለሽ አንብቢው። እሱም ይስማ።»

ወንድማቸው ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ፊቱን አዙሮ ቆሟል። ስማቸውን ከነአባታቸው ስም፣ በረንዳው እስኪያስተጋባ ድረስ አነበብኩት። የአባታቸውን ስም ስጠራ ወንድምየው ዞረና ኮፍያውን አወለቀ።