አባቴ ደንዉዲ ላይ ቡሄ የጨፈረ ዕለት

ይህ ነገር ተጽፎ ለሰው የሚነበብ መሆኑን አሁንም እጠራጠራለሁ። የሞተ ሰው የለበትም፤ የተጣላም የለበትም። የተማሪዎች ማኅበራችን ለመጽሔቱ የልጅነት ትዝታ እንድንጽፍ ሲጠይቀን፣ መጀመሪያ የጻፍኩት አትላንታ ላይ በረዶ ስለጣለበት ቀን ነበር። ሁለት ገጽ ሞልቼ፣ ፊደሉን አስተካክዬ፣ ለእናቴ በስልክ አነበብኩላት። «ጥሩ ነው፣ ጎበዝ» አለችኝ። ሰው ጎበዝ ሲለኝ ደስ ይለኛል። ስልኩን ስዘጋ ግን፣ ስለ በረዶው የጻፍኩት ስለ ሌላው ላለመጻፍ እንደሆነ ለራሴ መዋሸት አልቻልኩም። ሌላው ይኸውና። ትዝታ ለመባል ካነሰ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ልጅ እያለሁ ከቡፎርድ ሃይዌይ ገባ ብሎ ባለ አሮጌ አፓርትመንት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። ደረጃው ሁልጊዜ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ሳሙናና ከማዶ ካለው የሜክሲኮዎች ዳቦ ቤት የሚመጣውን ቀረፋ ይሸት ነበር። ዲቪ ደርሶን ስንመጣ አምስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ኮሌጅ ፓርክ ላለ ሆቴል ሻትል ይነዳል፤ እንግዶችን ከኤርፖርት ያመጣል፣ ሻንጣቸውን ያወርዳል። እናቴ ቀን ቀን የሌሎች ሰዎችን ልጆች ትጠብቃለች። ሃሎዊን ሲመጣ እናቴ መብራቱን ታጠፋለች፣ መጋረጃውን ትዘጋለች፤ በር ሲንኳኳ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ እኔንና ትንሹን ወንድሜን ዝም ታሰኘናለች። የሰይጣን በዓል ነው ትል ነበር። በዚያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ጥቅምት ሃያ አንድ፣ በማርያም ዕለት ነው። እኔ ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ደረጃውን እየሮጡ የሚወርዱትን ልጆች ሳቅ እየሰማሁ፣ ምን ለብሰው ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።

አራተኛ ክፍል ስገባ ማዲሰን አጠገቤ ተቀመጠች። ትምህርት ቤታችን ከየሰፈሩ ልጆች የሚመጡበት ነበርና እሷ ደንዉዲ የሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ልጅ ነበረች። ስሜን ሳታሳጥር ለመጥራት የምትታገል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ቦታ የምትይዝልኝ እሷ ብቻ ነበረች። ያን ጥቅምት ለሃሎዊን ከሁለት ጓደኞቿ ጋር እነሱ ሰፈር ሲዞሩ አብሬያቸው እንድዞር ጠራችኝ። አሜሪካ ከገባን ወዲህ አንድ ልጅ ወደ ቤቱ ሲጠራኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ከእነሱ እንደ አንዷ መቆጠር ፈለግሁ። ከዚያ ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

እናቴን እንዲለምንልኝ አባቴን ያዝኩት። ልጆቹ ሃሎዊን ላይ ምን እንደሚያደርጉ ከልቡ ጠየቀኝ። ልጆች ሰብሰብ ብለው በየቤቱ ይዞራሉ፣ በር ያንኳኳሉ፣ የሚበላ ነገር ይሰጣቸዋል አልኩት። ፊቱ በራ።

«እንዴ! ይሄማ ቡሄ ነው!»

እናቴ ከኩሽና ሆና «ቡሄ የጌታ በዓል ነው፤ አትቀላቅል» አለችው።

«ቀንድና አጽም አትልበስ እንጂ፣ ልጅ ከልጅ ጋር ዞሮ ከረሜላ ቢበላ ማርያም ትቆጣለች?»

እናቴ ወደ ድስቷ ዞረች። ይህ እሺ ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። አባቴ ግን ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሲያንጎራጉር ዋለ። ጉለሌ ሲያድግ የሰፈሩ የቡሄ አውጪ እሱ ነበር፤ ዱላውን መሬት እየመታ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል። ሙልሙል ተቆጥሮ የሚከፋፈለውም በእሱ እጅ ነበር። ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ነግሮናል፤ እኔም ቤት ውስጥ እሱ ሲያወጣ መቀበል ተምሬ ነበር። ጨዋታችን ነበር።

ልጆቹ ለሃሎዊን የሚለብሱትን ኮስቲዩም ከሱቅ መግዛት የሚታሰብ ስላልነበር መጀመሪያ በራሴ ሞከርኩ። አንሶላ ላይ ሁለት ዓይን ልቀድ ስል እናቴ ደረሰችብኝና መቀሱን ቀማችኝ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብላ ሥራውን ለአባቴ ሰጠችው። በማግስቱ አባቴ ከሆቴሉ ፎጣ የመጣበትን ትልቅ ካርቶን ተሸክሞ ገባ። ምን ልታደርገኝ ነው ስለው ትንሽ አሰበና፣ ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊቱ የሚያየውን ነገር፣ የትራፊክ መብራት አለኝ።

ካርቶኑን ሳሎን መሃል አቁሞ ከላይ ለጭንቅላቴ፣ ከግራና ከቀኝ ለእጆቼ ቀደደለት። በጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ለብጦ በፕላስተር አጣበቀው። ቀዩና ቢጫው መብራት ከወንድሜ ክርስትና የተረፉ የፕላስቲክ ሳህኖች ነበሩ። አረንጓዴ ሳህን ስላልነበረን የሒሳብ ፎልደሬን ሽፋን በሳህኑ ልክ ቆረጥነው። ጠርዙ ትከሻዬን እንዳይልጠኝ እናቴ፣ ያቺ በዓሉን የምትረግመው እናቴ፣ ከውስጥ አሮጌ ፎጣ ሰፋችበት። ቤቱ በሙሉ ሙጫና አዲስ ካርቶን ሸተተ። መጨረሻ ላይ አባቴ የመጥረጊያውን እንጨት አወለቀና ብርማ ፕላስተር ጠመጠመበት። የመብራቱ ምሰሶ ነው አለኝ፤ አመንኩት። መስታወት ፊት ስቆም ከዚያ በፊት እንደዚያ አምሮብኝ የማያውቅ መሰለኝ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ስንወጣ ጋሽ ደምሴ ደረጃው ላይ አገኙን። በሱዳን በኩል ተሰደው የመጡ፣ ከእኛ በታች የሚኖሩ ባለ ታክሲ ናቸው። ቀዩን ከላይ፣ አረንጓዴውን ከታች አዩና ቀጥ ብለው ቆሙ።

«አንተ ሰውዬ፣ ባንዲራውን ዘቀዘቅከው እኮ!»

«ጋሼ፣ ትራፊክ መብራት ነው።»

«አሃ! ባለፈው ቲኬት ያስቆረጠኝ እሱ ነዋ!» ብለው ቀዩን ሳህን በጣታቸው ኮረኮሙት። «ለመሆኑ ወዴት ናችሁ?»

«ቡሄ ልንጨፍር።»

«በጥቅምት? በሴት ልጅ?»

«አሜሪካ ነው ጋሼ፤ ሴትም ወንድም እኩል ነው።»

ጋሽ ደምሴ እየሳቁ መረቁን። እኔም ሳቅሁ። አባቴ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። መኪና ውስጥም ካርቶኑ ከኋላ ተጋድሞ፣ እሱ መሪውን እየመታ ያወጣል፣ እኔ እቀበላለሁ። እንደ ሁልጊዜው ጨዋታ ነበር።

ደንዉዲ ስንደርስ አባቴ ከማዲሰን ቤት በታች ፓርክ አደረገ። ቤቶቹ ከመንገዱ ራቅ ራቅ ብለው የቆሙ ናቸው፤ ሣሩ እርጥብ ቅጠል ይሸታል፣ በየበረንዳው ዱባ ውስጥ ሻማ ይበራል። ማዲሰን ልዕልት ሆናለች፣ ሁለቱ ጓደኞቿ ጠንቋይና ድመት። ልብሳቸው ሁሉ የሱቅ ነው። ማዲሰን ካርቶኔን ዞራ ዞራ አየችና «አባትሽ ነው የሠራው? ሶ ኩል!» አለች። ድመቷ ቀዩን መብራት ልንካው ወይ አለችኝ። ያቺን ደቂቃ ብቻዋን ነጥዬ ባስቀራት ደስ ይለኝ ነበር።

የማዲሰን እናት አባቴ ጥሎኝ የሚመለስ መስሏት ስንት ሰዓት ሊወስደኝ እንደሚመጣ ጠየቀችው። እሱ ግን ችግር የለም፣ አብሬያቸው እዞራለሁ አላትና ምሰሶ ያለኝን ዱላ ከእኔ ወስዶ ተከተለን። መጀመሪያው ቤት ልጆቹ እንደ ልማዱ «ትሪክ ኦር ትሪት» ብለው ጠየቁ፤ ከረሜላው ቦርሳቸው ውስጥ ገባ፤ ዞረው ሮጡ። አባቴ የፖስታ ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ ያያል። ጠራኝና ዝቅ ብሎ ጠየቀኝ።

«ተቀብላችሁ ዝም?»

«አባዬ፣ እንደዚያ ነው።»

«ሳትጨፍሩ? ሳትመርቁ? ለማኝ እንኳ ሲሰጡት ይመርቃል!»

ከልቡ ደንግጦ ነበር። ልጁ የሰው በር አንኳኩታ፣ የሰው ነገር ወስዳ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ስትሄድ በዓይኑ ማየቱ ለእሱ ትልቅ ነውር ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ቤት ስንደርስ የፖስታ ሳጥኑ ጋ አልቀረም፤ በረንዳው ድረስ አብሮን ወጣ።

በሩን የከፈቱት አንድ ሽማግሌና ሚስታቸው ነበሩ። ልጆቹ የሚሉትን አሉ። ሽማግሌው የከረሜላውን ሳህን ዘርጋ ሲያደርጉ፣ አባቴ የበረንዳውን ጣውላ በዱላው አንድ ጊዜ መታው። ሁላችንም ዘለልን። ከዚያ አወጣ። ሳሎናችን ውስጥ ደስ የሚለኝ ድምፁ እዚያ ጸጥ ያለ መንገድ ላይ ሰፈሩን ሁሉ የሚቀሰቅስ መሰለኝ። ማዶ ያሉ ቤተሰቦች ቆመው ዞሩ። የመጀመሪያውን ስንኝ ጨርሶ ዝም አለ፤ ዱላውን እንዳነሣ ወደ እኔ አየ። የተቀባይ ተራ ነበር።

ማዲሰን ታየኛለች። ድመቷ አፏን በእጇ ይዛለች። የሽማግሌው ሳህን አየር ላይ ቀርቷል፤ ይስጡ አይስጡ አላወቁም። ካርቶኑ ውስጥ ገብቼ ጭንቅላቴን ብቀብር ምንኛ በወደድኩ! አባቴን ግን እዚያ ሰው በረንዳ ላይ ብቻውን አንጠልጥዬ መተው አልሆነልኝም። ተቀበልኩት። ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር። እሱ ደስ ብሎት ዱላውን መታና ቀጠለ፤ እኔም እንደገና ተቀበልኩ። ሚስትየዋ ከምቱ ውጭ ያጨበጭባሉ። መጨረሻ ላይ አባቴ እጁን ወደ ጣሪያው ዘርግቶ ጎተራቸው እንዲሞላ፣ ከብታቸው እንዲረባ፣ ለከርሞ በሰላም እንዲያደርሳቸው በአማርኛ መረቃቸው። ከብት በደንዉዲ! አሜን የምለው እኔ ብቻ ስለነበርኩ አሜን አልኩ።

የማዲሰን እናት አባቴን ክንዱን ነካ አደረገችው። በጣም ደስ ይላል፣ ግን ልጆቹ ገና ብዙ ቤት ይቀራቸዋል አለችው። ክፋት አልነበረባትም፤ ይህን ማለት አለብኝ። አባቴ ወደ ልጆቹ አየ፣ ወደ እኔም አየ፤ የገባው ያን ጊዜ ነው።

«ኦ፣ ሶሪ። ሶሪ፣ ማም። ሶሪ» አለ፤ ፈገግ ብሎ።

ያን ሶሪ አውቀዋለሁ። ትምህርት በማይኖርበት ቀን ሻትሉ ላይ ይዞኝ ሲሄድ፣ ሻንጣ የከበደበት ጊዜ ለእንግዶቹ የሚለው ሶሪ ነው። ከዚያ በኋላ በየቤቱ ስንሄድ እሱ መንገዱ ዳር ቆሞ ጠበቀን። አስፋልቱን እንዳይመታበት ዱላውን ብብቱ ሥር ይዞት ነበር። እኔ ደግሞ ከረሜላዬን እየተቀበልኩ ዞር ባልኩ ቁጥር እዚያ ቆሞ አየዋለሁ። በመዝፈኑ አፈርኩ፤ መዝፈኑን በመተዉ ደግሞ የባሰ አፈርኩ። በዚያ ዕድሜ ሁለቱን መለየት አልችልም ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ማንም አላወጣም፣ ማንም አልተቀበለም። እናቴ እንዴት ነበር ስትለን አባቴ ቀድሞ «አሪፍ ነበር» አላት።

በማግስቱ ክፍል ስገባ ሁለት ልጆች ጠረጴዛቸውን በእርሳስ መቱና እኔን እያዩ ጠበቁ። ድመት የነበረችው ልጅ ነግራቸዋለች። ማዲሰን አልሳቀችም። ዝም በሉም አላለቻቸውም። እስከ ገና በዓል ድረስ ምሳ ሰዓት ቦታ ትይዝልኝ ነበር፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ተወችው። በሚቀጥለው ዓመት አልጠራችኝም።

አባቴ ግን በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ሲገባ «ዘንድሮስ ወዴት ነን?» አለኝ። የቤት ሥራ አለብኝ አልኩት። በዓመቱ ጉንፋን ያዘኝ አልኩት። ከዚያ ደግሞ ትልቅ ሆኛለሁ እኮ አባዬ፣ እሱ የልጅ ነው አልኩት። ጥያቄውን በየዓመቱ ያቀልለው ነበር። ብርቱካን እየላጠ፣ ወይም ጫማውን እያሰረ፣ እንደ ቀልድ ጣል ያደርገዋል፤ እምቢ ስል እንዳይከብደኝ ይመስለኛል።

ዛሬ ካርቶን መልበስ አያሳፍርም። ባለፈው ሳምንት ማኅበራችን ለልጆች ቀላልና ርካሽ ኮስቲዩም አሠራር ሲያሳይ እኔም ነበርኩ፤ በካርቶን፣ በወረቀት ሳህን፣ ባሮጌ ቲሸርት። ወላጆቹ ፎቶ ያነሣሉ፤ በእጅ መሠራቱ ራሱ ያስመሰግናል። ለአንገት የሚሆነውን ቀዳዳ ከሁሉም ፈጥኜ ስለምቆርጥ ማን አስተማረሽ አሉኝ፤ አባቴ አልኳቸው። እናቴም ተለውጣለች፤ አሁን ከተማው ዳር በገዛነው ቤት የበረንዳውን መብራት ታበራለች፣ ከረሜላም ትገዛለች። ወንድሜ ልብሱን በኢንተርኔት ያዝዛል። አባቴ የሃሎዊን ዕለት ፈቃደኛ ሆኖ የማታ ሺፍት ይወስዳል። እንግዳ ይበዛል ይለናል። በዚያ ቀን እንግዳ ለምን እንደሚበዛ ጠይቄው አላውቅም።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ሃሎዊን እሑድ ዋለ። ከቅዳሴ ተመልሰን፣ አባቴ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያወልቅ ነበር። በመስኮቱ ማታውን መጠበቅ ያቃታቸው ትንንሽ ልጆች ክንፍ አድርገው፣ ዘውድ ደፍተው ሲያልፉ ሁለታችንም አየናቸው። የዘንድሮውን መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ነገ ፈተና አለብኝ ልለው። ልጆቹ እስኪያልፉ አያቸውና ወደ እኔ ዞረ። ጠበቅሁት። «ወዴት ነን?» አላለኝም፤ ቁርስ በልቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልበላሁም አልኩት፤ ተነሥቶ ወደ ኩሽና ገባ። እሑድ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር።