አፍንጫ የሌለው ሹም

ታክ ኦክሬ ባሏ ሞቶባት ወደ አባቷ መንደር ስትመለስ ዘመዶቿ ጎጆ ሰጧት፤ አፍ ግን አልሰጧትም። በታክ ጎሳ ያገባች ሴት ልጅ እንግዳ ናት። ለድግስ ሥራ ትጠራለች፤ ለምክር አትጠራም። ዝም አይነቅዝም ቢሏትም ምክሩን አልወደደችውም። ቃሪያዋን እየተከለች፣ ያገኘችውን ሁሉ እየተናገረች ኖረች። ከቃሪያዋ ይልቅ ምላሷ ይፋጃል ይሏት ነበር፤ አልዋሹም።

የቅድመ አያቶቹ መቃብር ከመንደሩ ጀርባ፣ ጥዶቹ ሥር ነው። ከፊቱ፣ መቃብሩን እንዲጠብቁ ከድንጋይ የተጠረቡ ሁለት ሹማምንት ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ ፊት ለፊት ይተያዩ ነበር። አንዱን ሌባ ከወሰደው ቆይቷል። በዚያ ዓመት የመኸር በዓል ሲቃረብ የጎሳው አለቃ ሱንግዱ አንድ ፎቶግራፍ ይዞ መጣ። የተሰረቀው ሹም ባሕር ማዶ፣ መናፈሻ ውስጥ፣ ሣር ላይ ቆሟል፤ ፈረንጆች ትከሻውን አቅፈው ይስቃሉ። አሁን ደግሞ የመናፈሻው ባለቤቶች ጓደኛውን ሊገዙ ይፈልጋሉ።

«በገንዘቡ የአያቶቻችንን መታሰቢያ አዳራሽ የሚያፈስ ጣሪያ እናድሳለን» አለ ሱንግዱ። ወንዶቹ እጃቸውን አወጡ፤ አለቀ። ኦክሬን ማን ጠይቋት!

ገዢዎቹ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቀረው ሹም አፍንጫ የለውምና አፍንጫ ይሠራለት አሉ።

የመቃብሩ ሣር በሚታጨድበት ቀን ኦክሬ ማጭዷን ይዛ ስትወጣ፣ ሱንግዱ ድንጋዩ ፊት ላይ ሲሚንቶ ሲለጥፍ አገኘችው።

«ወንድም ጋሼ፣ ምን እየሠራህ ነው?»

«አፍንጫ።»

«ማንን አስፈቅደህ?»

«አንቺን ነው የማስፈቅደው? ሂጂና ምሳ አቅርቢ።»

በማጭዷ ጀርባ የድንጋዩን ፊት አንዴ አቀመሰችው። እርጥቡ አፍንጫ ሣሩ ላይ ዘጭ አለ።

«አብደሻል!»

«ያበድከውስ አንተ! የዚህን ሹም አፍንጫ ማን እንደበላው ጠፍቶህ ነው? እናቶቻችን ናቸው። ወንድ ልጅ ስጠን እያሉ ፍቀው፣ ዱቄቱን በውኃ በጥብጠው ጠጡት። ያንተ እናት በላይ በላዩ ሴት ብትወልድ፣ አማቷ ላባርራት ስትል እዚህ መጥታ ፋቀች። አንተ ተወለድክ፤ የጎሳው አለቃ! የኔም እናት ፋቀች፤ እኔ ተወለድኩ። የጠጡት አንድ ድንጋይ ነው። ታዲያ ያንተ አፍ ሲሰማ የኔ የት ገባ?»

ከሚያጭዱት አንዱ ሳይታወቀው የራሱን አፍንጫ ነካ። የሱንግዱ ፊት ቀላ።

«እሱ የድሮ ሴቶች ተረት ነው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እንግዲያው እናትህን ተረተኛ በላት። መቃብሯ ያውና፤ ሂድና ንገራት።»

ሱንግዱ አልሄደም። በዚህ መሀል ሹሙን የሚወስደው የጭነት መኪና ዳገቱን ወጣና ሾፌሩ ገመድ ይዞ ወረደ። ኦክሬ ጀርባዋን ለድንጋዩ ሰጥታ ቆመች። ጎትተው ቢያነሷት የሚያስጥላት እንደሌለ ታውቃለች፤ ፈርታ ነበር። ማጭዱን ግን አልለቀቀችም።

«እማማ፣ ገለል ይበሉልኝ፤ ሥራዬን ልሥራ።»

«ሥራህ የተሰረቀውን መመለስ ከሆነ፣ ቦታው ባዶ ነው፤ አምጣና አቁመው። ይኼኛው የእናቶቻችን ባለውለታ ነው። የትም ሄዶ የማንም መሳቂያ አይሆንም!»

ሾፌሩ ሱንግዱን አየው። ሱንግዱ የእናቱን መቃብር፣ ከዚያም ሲሚንቶ የነካውን እጁን አየ፤ ሱሪው ላይ ጠረገው።

«ተመለስ» አለ።

«ነገ ልምጣ?»

«አትምጣ። ጣሪያው ያፍስስ።»

ሣሩ ታጭዶ ሲያልቅ ምግቡ ተደረደረ፤ ወንዶቹም ለአያቶች ሊሰግዱ ተሰለፉ። ሴቶቹ እንደ ወትሮው ጥዶቹ ጋ ቀሩ። ኦክሬ ግን መጥታ ከወንዶቹ ሰልፍ ጫፍ ቆመች። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ሱንግዱ ዞር ሳይል፣ «እዚያ ጫፍ ምን ገተረሽ? ነይ ከጎኔ ቁሚ። ከሩቅ ስትጮሂ ጆሮዬን ታደነቁሪኛለሽ» አለ።

ሄዳ ከጎኑ ቆመች። የሩዙን አረቄ አንስቶ በሁለት እጁ ሰጣት፤ አለቃው ብቻ ይቀዳው የነበረውን የመጀመሪያውን ጽዋ ለአያቶች የቀዳችው ኦክሬ ናት።