ዐያንሌ ሃዬ፣ የሞተር መጋዝ መካኒኩ

ድሬዳዋ ውስጥ ሰው በስሙ ብቻ አይጠራም። ከስሙ ኋላ አንድ ነገር ይለጥፉበታል፤ አንዴ ከተለጠፈበት ደግሞ እስከ መቃብሩ አይለቀውም። ዐያንሌን «ዐያንሌ ሃዬ» ያሉት መልሱ ሁሉ ሃዬ ስለነበረ ነው። ሃዬ በሶማሊኛ እሺ ማለት ነው። መጋዝ ይዘው የመጡ ሰዎች «ለነገ ይደርሳል ወይ?» ሲሉት ሃዬ። «አምና ያበላሸኸው አንተ ነህ» ብለው ሲቆጡት ሃዬ። ሚስቱ ከጓዳ ስትጣራም ሃዬ። ከተማው «እንዴት ያለ ገራም ሰው ነው!» ይል ነበር። ገራምነቱን አልክድም። ያቺ ሃዬ ግን ሌላ ጉድ ነበረባት።

ዐያንሌ ጣልያን በወጣ ማግስት፣ ገና ጢም ሳያበቅል፣ ምድር ባቡር አትልዬ፣ ሞተር መጠገኛው ቤት፣ ገባ። እዚያ ከተማረው ነገር ሁሉ የበለጠበት ማዳመጥ ነው። ሌላው ሠራተኛ ሞተር ሲበላሽ ፈትቶ ያያል፤ እሱ አጠገቡ ቆሞ ዓይኑን ይጨፍንና ሕመሙ የት እንዳለ ይናገራል። ሲፈቱት እውነትም እዚያው ይገኛል። በ፲፱፻፵፱ ዓ.ም. ሙሴ ያኒ የሚባል የግሪክ እንጨት ነጋዴ ከጅቡቲ በባቡር ሦስት የሞተር መጋዝ አስመጣ። መጋዞቹ የተሠሩት ዝቅ ላለ አገር ነው፤ ጋራ ሙለታ ጫካ ሲወጡ አየሩ ሳሳባቸው፣ ቤንዚኑ በዛባቸውና ይታፈኑ ጀመር። ቆራጮቹ ሰድበው ጥለዋቸው ወደ ድሮው የሁለት ሰው መጋዝ ተመለሱ። ሙሴ ያኒ በጭንቀት ሲዞር ሰዎች ወደ ዐያንሌ መሩት፤ ዐያንሌም በሳምንት ውስጥ በሦስቱም ነፍስ ዘራባቸው። ከዚያ አትልዬውን ተሰናብቶ ደቻቱ ወንዝ ዳር ቆርቆሮ ጣሪያ ያላት ጠባብ ቤት ከፈተ።

የሚሠራውን ያየ ሰው ጠንቋይ ነው ሊል ምንም አይቀረው፤ ነገሩ ግን ትዕግሥት ብቻ ነው። በመጋዙ ሰንሰለት ላይ ከእያንዳንዱ ጥርስ ፊት ትንሽ ጉብታ አለች፤ ጥርሱ ምን ያህል እንዲነክስ የምትፈቅደው እሷ ናት። ዐያንሌ ያችን ጉብታ በሞረድ ዝቅ ያደርጋታል። መለኪያው የጢም ምላጭ ነው፤ ለጥድ ሰባት ምላጭ ደርቦ፣ ለወይራ አምስት ብቻ። ከዚያ አንዲት ምላጭ ያህል ካለፈ መጋዙ እንጨቱን ትቶ የያዘውን ሰው ሊመታ ይነሳል። ቀጥሎ ማርሚታውን፣ ጭሱ የሚወጣበትን ጣሳ፣ በስቶ ያሰፋዋል። የታፈነው ጭስ በደንብ ሲወጣ ሞተሩ ጉልበት ያገኛል፤ ግማሽ ሰዓት ይፈጅ የነበረ ግንድ በሩብ ሰዓት ይወድቃል። ጩኸቱ ግን ቀፊራ ገበያ ድረስ ይሰማ ነበር።

የመጨረሻው ሥራ የጆሮ ነው። መጋዙን አስነስቶ ቤንዚኑን እስከ መጨረሻ ይስብና ካርቡራቶሩን በካቻቢቴ ያስተካክላል። ቤንዚኑ ልክ ሲሆን ሞተሩ በባዶው ትንሽ ይንተባተባል፤ እንጨት ውስጥ ሲገባ ድምፁ ይጠራል። ቤንዚኑ ካነሰ ድምፁ ይቀጥናል፣ እንደ መርፌ ይሾላል፤ ያ ቀጭን ድምፅ ከተሰማ ፒስተኑ ሊቃጠል ነው። ዐያንሌ ይህን ለመለየት ጆሮውን በበሳው ማርሚታ አጠገብ አዘንብሎ ዓይኑን ይጨፍናል። ይህን በቀን አራት አምስት ጊዜ፣ ለስምንት ዓመት አደረገው። በጆሮው ጥጥ እንኳ አልከተተም። ጥጥ ከከተተ ምኑን ይሰማል?

ጆሮው ሲከዳው ከቀጭኑ ድምፅ ጀመረ። መጀመሪያ ወፎቹ ጠፉ፤ ለወፍ ማን ልብ ይላል! ቀጥሎ የብስክሌት ቃጭል ጠፋ፤ ሁለት ጊዜ ሊገጩት ደረሱ። የወንድ ወፍራም ድምፅ ግን ይሰማው ነበር። የቆራጮቹ አለቃ ሊበን ድምፁ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ የሚመስል ሰው ነው፤ እሱ ሲያወራ ዐያንሌ አንድ ቃል አያመልጠውም። እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሚስቱ ፋዱማ ድምፅዋ ቀጭን ነበር።

ፋዱማ የጀልዴሳ ልጅ ናት። ወሬ ትወዳለች፤ ስታወራም ያምርባታል። ከገበያ ስትመለስ ያየችውን ሁሉ፣ የግመል ወተት ሻጮቹን ጥል ሳይቀር፣ ሰዎቹን እያስመሰለች ትተርክለት ነበር፤ ዐያንሌ ያገባትም ለዚህ ነው ማለት ይቻላል። ያ ድምፅ ቀስ በቀስ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆነበት፣ በመጨረሻም አፏ ብቻ ሲንቀሳቀስ ማየት ጀመረ።

እዚህ ላይ ብናደድበት አትፍረዱብኝ። «ፋዱማ፣ ጆሮዬ ደከመ» ቢላት ምን ነበረበት? አላላትም። ጆሮው እንጀራው ነው፤ ደንቆሮ መካኒክ ዘንድ መጋዙን ማን ያመጣል? ለአንድ ሰው ከነገረ ከተማው ሁሉ እንደሚሰማ ያውቃል። ስለዚህ ሲናገሩት ፊታቸውን ያያል፣ ይጠብቃል፣ ዝም ሲሉ «ሃዬ» ይላል። ከአሥሩ ዘጠኙ ላይ ሃዬ ታስኬዳለች። በአሥረኛው ሰው ይስቅበታል፣ እሱም አብሮ ይስቃል።

ለሥራው ደግሞ ሌላ መላ አገኘ። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ ያስደግፍና እንጨት እጀታውን በጥርሱ ይነክሳል። የሞተሩ ምት በመንጋጋው አጥንት በኩል ራሱ ውስጥ ይገባል። ጠያቂ ሲመጣ «በዚህ ይበልጥ ይታወቃል» ይላል፤ ሰዉም ጥበብ መስሎት ይደነቃል። ወፍራሙ ምት በአጥንት ይመጣል፤ ያ መርፌ የመሰለው ቀጭን ድምፅ ግን በአጥንትም አልመጣም። በአንድ ክረምት የሊበን ሁለት መጋዞች ፒስተናቸው ተቃጠለ። ዐያንሌ በቤንዚኑ አሳበበ። ሊበን ፊቱን አየውና የተቃጠሉትን መጋዞቹን ተሸክሞ ሄደ።

ፋዱማ የገባት ሌላ ነው። አንድ ቀን ሊበን ከበር ሆኖ ሲጣራ ዐያንሌ ከጓሮ ብድግ ብሎ ወጣ፤ እሷ ግን ሦስት ጊዜ ጠርታው ነበር። ሊበን እንደሄደ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ፊቱ ቆመች፤ ያን ቀን በንዴት ስለጮኸች ሰማት።

«ለሊበን ሲሆን ጆሮህ ይከፈታል፣ ለእኔ ሲሆን ይዘጋል! ከሰለቸሁህ ንገረኝ አቦ፣ ወላሂ አላለቅስም!»

«ሃዬ» አለ ዐያንሌ።

ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ የገበያ ወሬ ማምጣት ተወች። ምግብ ታቀርባለች፣ ልብሱን ታጥባለች፣ ከልጃቸው ከኹርሲ ጋር በዝግታ ታወራለች። ያ ወሬ የማይጠፋበት ቤት ዝም አለ። ዐያንሌ ግን ዝም ማለቱን እንኳ አላወቀም።

በ፲፱፻፶፱ ዓ.ም. ክረምት ሲወጣ ወባ ብዙ ሰው ጣለ። ፋዱማ በአራተኛው ቀን እንደ እሳት ነደደች። ሐኪሙ ግንባሯ ላይ በረዶ አድርጉላት አለ፤ የአሥራ አምስት ዓመቷ ኹርሲ ጆንያ ይዛ ወደ በረዶ ፋብሪካ ሮጠች። ቀትር ላይ ነው፣ መንገዱ ሰው የለበትም። ቤት ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

ፋዱማ ዓይኗን ገለጠችና በጣቷ ጠራችው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፣ እጇን ያዘ። ከዚያ ማውራት ጀመረች። እንደ ድሮዋ አወራች፤ ረጅም ነገር፣ መሀል ላይ እያረፈች፣ አንዴ ፈገግ እያለች፣ አንዴ እንባዋ እየወረደ። ዐያንሌ ከንፈሯን አየ፣ ዓይኗን አየ። አንድም ቃል አልገባውም። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አፏ ላይ ማድረግ አማረው፤ ቢያደርገው ግን የደበቀውን ሁሉ ያን ሰዓት መናገር ሊሆንበት ነው። አፈረ። በሞት አፋፍ ካለች ከገዛ ሚስቱ አፈረ።

ስትጨርስ አየችው። እየጠየቀችው መሆኑ ገባው።

«ሃዬ» አለ።

አልበቃትም። ከንፈሯ አንዲት አጭር ቃል አወጣ፤ ያቺን ቃል ደግሞ አገሩ ሁሉ በቀን መቶ ጊዜ ስለሚላት ከከንፈሯ ላይ አነበባት። «ወላሂ?» ማል እያለችው ነው።

«ወላሂ» አለ ዐያንሌ።

ፊቷ ፈታ አለ። እጁን ጨበጥ አደረገችና ዓይኗን ጨፈነች። ሲሻላት አስደግሜ እጠይቃታለሁ ብሎ አሰበ፤ ያኔ እውነቱንም እነግራታለሁ ብሎ ቆረጠ። ኹርሲ በረዶውን በሰጋቱራ ሸፍና፣ ውኃው በጆንያው እየተንጠባጠበ፣ እጇ ድረስ የእንጨት ብናኝ ለብሳ ስትገባ እናቷ መናገር ካቆመች ቆይታለች። የአስር ሶላት፣ የከሰዓት በኋላው ስግደት፣ ሳይደርስ አረፈች።

ከዚያ ወዲያ ዐያንሌን የበላው ሐዘኑ ብቻ አይደለም፤ መሐላው ነው። ምን ብሎ ነው የማለው? አንድ ጊዜ ከእናቴ ጎን ብቀበር ብላ ነበርና በሊበን ካሚዮን ጭኖ ጀልዴሳ ወስዶ ቀበራት። ይህ ይሆን? ከወንድሟ ጋር ተጣልታ ነበር፤ ሄዶ እግሩ ላይ ወድቆ ታረቀው። ይህ ይሆን? ጫትህን ተው እያለች ትነዘንዘው ነበር፤ ጫት ተወ፣ ድሬዳዋ ተቀምጦ ጫት ተወ! ሌላ ሴት እንዳታገባብኝ ብላው እንደሆነስ ብሎ ሽማግሌዎች ያመጡለትን ሁሉ መለሰ። ኹርሲን በትምህርቷ እንድትገፋ አደረገ። ፋዱማ ልትጠይቀው ትችል የነበረውን ሁሉ አንድ በአንድ ፈጸመ፤ የጠየቀችው ከእነዚህ አንዱ ይሁን ሌላ ግን ማንም አይነግረውም። ሶላት ላይ እያለ ሳይቀር ከንፈሯ ይታየው ነበር።

ሥራውን አልተወም። ሊበንን ግን ጠርቶ «ያቃጠልኩብህ እኔ ነኝ፤ አልሰማም» አለው። ሊበን ትከሻውን መታ አደረገውና መጋዙን ማምጣቱን ቀጠለ፤ ቀጭኑን ድምፅ ለመለየት የራሱን ጆሮ አብሮ ያመጣ ነበር።

አራት ዓመት አለፈ። ኹርሲ የጥጥ ፋብሪካ ጽሕፈት ቤት ገባች። አንድ የሐሙስ ከሰዓት ምሳ ይዛለት ስትመጣ አባቷን ካቻቢቴውን ነክሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጠፋ ሞተር ላይ ተደፍቶ አገኘችው። ትከሻውን ነካችው። ቀና ሲል ፊቱ በእንባ ርሷል።

«ምን ሆንክ አባ?» አለችው ጮክ ብላ።

ያን ቀን ነገራት። ያቺን ቀትር፣ የእናቷን ከንፈር፣ ሃዬ ማለቱን፣ ወላሂ ማለቱን፣ ያደረገውን ሁሉ ያደረገው ለምን እንደሆነ።

«የማልኩትን አላውቀውም ልጄ» አለ። «ነገ አላህ ፊት ስንገናኝ ለምን አልፈጸምክልኝም ብትለኝ ምን እላታለሁ? እዚያም ስትናገረኝ ዝም ብዬ አያታለሁ።»

ኹርሲ ዓይኗ ካቻቢቴው ላይ ነበር። ከዚያ ቅባት የነካውን የአባቷን ራስ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ ሳበችው፤ አፏን ከጆሮው ኋላ ካለው አጥንት ላይ አጥብቃ አሳረፈችና ተናገረች።

ድምፅዋ ገባ። ወፍሮና ጎርንኖ፣ ከመሬት ሥር እንደሚመጣ ሆኖ፣ ግን ገባ። አነጋገሯ የእናቷ ነው፤ እንደ እሷ የቃሉን መጨረሻ ትስባለች። ይህን ያህል ቀላል ነበር! ለሞተር ሁሉ ያጎነበሰውን ራሱን ያን ቀን አንድ ጊዜ ለሚስቱ ማጎንበስ ብቻ ነበር የቀረው። አለቀሰ፣ እንደ ሕፃን ጮኾ አለቀሰ፤ ልጁ ግን ራሱን አልለቀቀችም።

«እማ ያለችህን እኔ ሰምቻለሁ» አለችው። «በር ላይ ቆሜ ነበር። ኹርሲን አደራ ነው ያለችህ፤ ሌላ ምንም አላለችም። አደራውን ጠብቀሃል አባ። ጨርሰሃል።»

ዐያንሌ ራሱን ቀና አድርጎ አያት። የዚያን ቀን ጆንያው ሲንጠባጠብ፣ እጇ ላይ የነበረው የእንጨት ብናኝ፣ የበረዶ ፋብሪካው ርቀት፣ ሁሉም በዓይኑ ላይ አለ። በር ላይ አልነበረችም። እሷም ማወቁን አውቃለች፤ ዓይኗን ግን አልሰበረችም።

«ሃዬ» አለ ዐያንሌ።

ይችኛዋን ሃዬ ያላት እያንዳንዱን ቃል ሰምቶ ነው።